የካራው ጉርዳ

«ቀስ ይበሉ ሐጂ፣ ሳፋው ይደፋል!» አለች ኩልሱም።

ነጩ ፕራዶ ከሲግናል ተፈትልኮ ወጥቶ የእንግሊዝ ኤምባሲን ግንብ ጥግ ጥጉን ይዞ ይከንፋል። ኩልሱም ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ የያዘውን ሳፋ ጭኗ ላይ አቅፋለች። በእግሮቿ መሀል ሁለት ምሳ ዕቃ አለ። አንዱ ክትፎ ነው፣ ለሙስሊሞቹ። ሌላው ጎመን በአይብ ነው፣ ለክርስቲያኖቹ። ቆጮው የሁሉም ነው።

«አይደፋም፣ አይዞሽ!» አሉ ሐጂ ከድር፣ በአንድ እጃቸው መሪውን በሌላው ተስቢሃቸውን ይዘው። «ዛሬ የሚደፋው ያ ከሃዲ ነው። ብቻ አደራሽን፣ ስትናገሪ እንዳታለቅሺ። እንባሽን ካዩ ሽማግሌዎቹ ሆዳቸው ይባባል፤ ሆዳቸው ከባባ ደግሞ ይቅር ተባባሉ ማለት ይጀምራሉ። የእኛ ነገር የይቅርታ አይደለም፤ የፍርድ ነው።»

«አላለቅስም።»

እውነቷን ነው። እንባዋ ካለቀ ቆይቷል። ከነሐሴ ወዲህ በኩልሱም ሆድ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟን የሸጠው ሰው ፊቱ ሲጠቁር ማየት። ለዚህ ስትል እንቅልፏን ሸጣለች። ጠዋት ጠዋት ክትፎ ቤቷን ስትከፍት ስጋ የምትከትፈው ልጅ እንኳ ቢላው ሲያርፍ ድምፁን ቀነስ ያደርጋል፤ እትዬ ስጋውን ሳይሆን ሌላ ነገር እያየች እንደሆነ ያውቃል።

ነገሩ የክልልነት ነገር ነበር። ጉራጌ ከሌላው ጋር በክላስተር ከሚጠቃለል ራሱን ችሎ ክልል ይሁን ተብሎ ወልቂጤ ላይ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሕዝቡ ቤቱ ሲቀመጥ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅም አርፎ አልተኛም። መሪ አልነበረውም፣ ጽሕፈት ቤት አልነበረውም። ስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ተማሪው፣ የጀበና ቡና የምትሸጠዋ ሁሉ የየራሱን አዋጥቶ የቆመ ነገር ነው። በየካ ያለውን ያንቀሳቅስ የነበረው ጠሀ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ኩልሱም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ።

ኩልሱም መጀመሪያ ለክልሉ ግድ አልነበራትም። «ክልል ሆናችሁ አልሆናችሁ፣ ሥጋ ይረክሳል እንዴ?» ትለው ነበር። ጠሀ ታዲያ ይስቅና፣ «አባባን ረሳሽው? ለአንዲት ማህተም ሐዋሳና አገር ቤት ሲመላለስ አይደል በሰው አገር አልጋ ላይ የቀረው? ክልል ማለት እትዬ፣ ማህተምሽን በጠዋት ሄደሽ አስመትተሽ ለምሳ ቤትሽ መመለስ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም» ይላታል። አባቷን አስታወሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆቹን ስብሰባ የምትመግበው እሷ ሆነች።

ያ የነሐሴው የካራ ስብሰባም የእሷ ቆጮ ነበረበት። ከተማው ጫፍ ካራ፣ ከእርሻ ዳር ያለ ገና ያላለቀ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። በነጋታው ሲግናልና መገናኛ አካባቢ ያሉ የእኛ ልጆች ሱቅ ዘግተው እንዲውሉ የሚወስኑበት ቀን ነው። ምስጢሩ እንዳይወጣ መማማል አስፈለገ። በምን ይማማሉ? በቁርኣን ቢሉ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ቢሉ ግማሹ ሙስሊም ነው። አንድ በግ ይታረድ ቢባል፣ የማን ቢላ ይረድ? ሲጨቃጨቁ ጠሀ ሳፋውን ከእህቱ እጅ ተቀበለና፣ «ሁላችንንም ያሳደገን እንሰት ነው፤ በእሱ እንማማል» አለ። አገር ቤት ትልቁ ቃል ኪዳን ጉርዳ ይባላል፤ ጉርዳ ገብቶ የካደ ሰው መዘዙ ከራሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል ብሎ የማይፈራ የለም። ጠሀም ቆጮውን እየቆረሰ በየአፋቸው አጎረሰ፤ እነሱም እየተቀበሉ፣ «የዚህን ቤት ምስጢር ያወጣ፣ ይህ ቆጮ ጉሮሮው ላይ ይቁም» እያሉ ዋጡ።

ሐጂ ከድር ብቻ አልጎረሱም። «ጨጓራዬ ዛሬ አላስቀምጥ ብሎኛል ልጆቼ፤ ቆጮ ያቃጥለኛል። ቃሌን ግን በአፌ ሰጥቻለሁ» አሉ፣ ሆዳቸውን በመዳፋቸው ደግፈው። ማን ልብ ይላል? ሐጂ የነገሩ አባት ናቸው፤ መገናኛ ያለው የብርድ ልብስ መጋዘናቸው ባነር ሲታተም መሸሸጊያ ሆኗል። ኩልሱም ራሷ ሮጣ ለብ ያለ ወተት አመጣችላቸው። «አላህ ያሽርዎት» ብላ!

ኩልሱም ባዶ ሳፋዋን ይዛ ከሄደች በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ቤቱን ከበቡት። ሐጂ እንኳ ሳይቀሩ ሁሉንም አፍሰው ወሰዱ። ሐጂ ከጥቂት ቀን በኋላ ተለቀቁ፤ ሽማግሌ ናቸው ተባለ። ሌላውም አንድ በአንድ ተፈታ። ጠሀ ግን አልተፈታም። ኩልሱም መጀመሪያ የጠየቀችው ቀን የፊት ጥርሶቹ የሉም። ስትጠራው በግራ ጆሮው እንደማይሰማት ገባት፤ ፊቱን አዙሮ፣ «በዚህኛው በይኝ እትዬ» አላት። ያን ቀን ከእስር ቤቱ በር እስከ ታክሲ ተራው እንዴት እንደሄደች ዛሬም አታውቀውም።

ከማሉት መሀል ያልተያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሕዝቅኤል። የጠሀ የልብ ጓደኛ፣ በእሷ ክትፎ ቤት ቆጥ ላይ ከጠሀ ጋር አብሮ ተኝቶ ያደገ ልጅ። ጎርሶ፣ ምሎ፣ ከዚያ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ሚስቴ ሀሴት ምጥ ይዟት ነው ይላል። ማን ያምነዋል? «ምጡም ሰዓት ያውቃል እንዴ?» ያሉ ሐጂ ከድር ናቸው፤ እንደ ቀልድ አንዴ አሉት፣ ወሬው ግን ሲግናልን ዞሮ ካራ ደረሰ። ሕዝቅኤል ሴት ልጅ መውለዱን ሊነግራት ወደ ኩልሱም ቤት መጣ። ጥግ ተቀመጠ። ኩልሱም አስተናጋጇን ሀናንን ጠርታ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ለዚህ ልጅ ውሃ እንዳታቀርቢለት፤ እጁን አታስታጥቢው» አለቻት። እጁን ያልታጠበ ሰው በዚያ ቤት አይበላም። ልጁ ደረቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሌላው ሁሉ በልቶ እስኪወጣ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተነስቶ ሄደ። ሀሴትንም ከአራስ ቤት ገብቶ እንኳን ማርያም ማረችሽ ያላት አንድ የአገር ሰው አልተገኘም።

ዛሬ ደግሞ ከናካቴው ሊያገሉት ነው። ዳኛ ሣህሌ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ሸንጎ ጠርተዋል። ዳኝነታቸው የመንግሥት አይደለም፤ አገር ቤት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ የኖሩ፣ ልጆቻቸው ለሕክምና ብለው ከተማ ያስቀሯቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ያገለሉት ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ከተማ ላይ ደግሞ ከእድርም ከሠርግም ይወጣል፤ ቡና ቤት ሲገባ የአገሩ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል። የምትከሰው የተጎጂው እህት ኩልሱም ናት። ሐጂ ከድር ምስክር ናቸው፤ መኪናውም የእሳቸው።

ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱን ተያያዙት። ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፤ መስኮቱ ሲከፈት የባሕር ዛፍ ሽታና ቅዝቃዜ ገባ። ሐጂ አፍንጫቸውን ወደ ምሳ ዕቃው አዘነበሉ።

«አንቺ፣ ይሄ ቅቤ ሊገድለኝ ነው። ቁርስ ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። እስቲ አቅምሺኝ።»

«ከሽማግሌዎቹ በፊት ሐጂ?»

«ሽማግሌ ነኝ እኔም! አምጪ።»

ኩልሱም ሳቅ አለች፤ ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ሳትሆን አትቀርም። ምሳ ዕቃውን ከፍታ በማንኪያ ሰጠቻቸው። «ሚጥሚጣውን አትሳሺ» አሉ። ጨመረችላቸው። «ቀይ ይሁን እንጂ!» ቀይ አደረገችው። በአንድ እጅ እየነዱ በአንድ እጅ እያነሱ፣ ምሳ ዕቃውን እስከ ግማሹ አጎደሉት። በየኩርባው ቅቤው ጠብ ይላል፤ ከነጭ ሸሚዛቸው ደረት ላይ ሳንቲም የምታህል ጠብታ አርፋ ቢጫ ሆነች። አላዩዋትም።

«ጨጓራዎ እንዳይነሳብዎት ደግሞ» አለች ኩልሱም፣ ከልቧ አስባ።

ሐጂ ከድር ጮክ ብለው ሳቁ።

«የምን ጨጓራ? አልሐምዱሊላህ በይ! እኔ ከድር በዕድሜዬ ጨጓራ የሚሉት ነገር ዞሮብኝ አያውቅም። ጠጠር ብውጥ ይፈጫል። ልጆቼ በየክሊኒኩ ሲንከራተቱ እስቃለሁ፤ ይሄ ሆድ የአባቴ ነው፣ ብረት!» ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ከመሪው ጎን የነበረውን ሃይላንድ አንስተው እስከ ጭላጩ ጠጡትና ባዶውን ፕላስቲክ በመስኮት ወረወሩት።

ኩልሱም ምሳ ዕቃውን ልትከድን ሞከረች። ክዳኑ አልገጥም አላት።

ጨጓራ የሚሉት ነገር ዞሮብኝ አያውቅም። ካራ ላይስ? ሆዱን ደግፎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ወተቷን ከእጇ ተቀብሎ «ልጄ ተባረኪ» ያላት ማን ነበር? ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የእሱ አፍ ብቻ ተዘግቶ የቀረው ለምንድን ነው? ወይ ጉድ! ወይ የእኔ ጉድ! ፖሊስ አይፈራም፣ የጠሀን ጥርስ አይፈራም፣ አላህንም አልፈራም፤ ጉርዳውን ግን ፈራ። ቤቱን አሳልፎ ሊሰጥ እያወቀ የመጣ ሰው፣ ዘሬን ይዞ ይሄዳል ብሎ ቆጮዋን ሸሸ። ከሃዲም ሆኖ የአገሩ ልጅነቱ አልለቀቀውም።

ደሟ ከእግሯ ጥፍር ተነስቶ ግንባሯ ላይ ፈላ። በቀኝ በኩል ገደል ነው። እጇን ዘርግታ መሪውን አንድ ጊዜ ብቻ ብትስበው… ሳበችው በሐሳቧ፤ ፕራዶው ሲገለበጥ፣ ባሕር ዛፉን ሲሰብር፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሲወርድ አየችው፣ ደስም አላት። ግን ከገደል የሚወድቅ ሰው ሰማዕት ይባላል። እድርተኛ ይቀብረዋል፣ ሐዘንተኛ ድንኳን ይሞላል፤ ሕዝቅኤልም እንደ ተገለለ ይቀራል። አይሆንም። ይሄ ሰውዬ ከነሕይወቱ፣ ከነብረት ሆዱ ነው የሚያስፈልጋት።

ሳፋውን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። እርስዎነቱ ከልቧ እዚያው ዳገት ላይ ወረደ፤ እኛም ከዚህ በኋላ ‹አሉ› ብለን አንደክምለትም፣ ‹አለ› ነው የምንለው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ከድር።

«የምናገረውን እያሰብኩ ነው ሐጂ።»

«ጎሽ! በይ እንዲያ ነው። ሳትራሪ።»

«አልራራም» አለች።

ሸንጎው የተቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በእትዬ በለጡ ግቢ ነው። እትዬ በለጡ እዚያው እንጦጦ ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ክልልም ክላስተርም አያውቁም፤ ዳኛ ሣህሌን ግን ጠበል ቦታ አውቀዋቸዋል፣ «ዛፍ ሥር መቀመጥ ምን ያስፈቅዳል?» ብለው ጥዳቸውን ሰጡ። ኩልሱምን ከበሩ ላይ ተቀብለው አንድ ጆግ አስያዟት።

«ልጄ፣ ውሃ ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ከቤቴ የተረፈችው ይህቺው ናት። ፍርዳችሁን ስትጨርሱ ለምትበሉበት እጅ ብቻ። እንዳታባክኚብኝ።»

«አንድ ጠብታ አላባክንም እትዬ» አለች ኩልሱም። ከእሷው ላይ ጣቶቿን ብቻ አለቀለቀች።

ሽማግሌዎቹ በሳር ላይ ክብ ሠርተዋል። ካራ ተይዘው የተፈቱት ልጆች ከኋላ ቆመዋል። ሕዝቅኤል ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ጃኬቱን በእጁ ይዞ ብቻውን ነው። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን አይነካውም። ሲያያት ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ኩልሱም፣ ደህና ነሽ? ጠሀስ?»

ይህን ልጅ ደረቅ እጁን ይዞ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ አራሷን ያስናቀው የእሷ ምላስ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አሁን ጊዜው አይደለም። አልፋው ሄደች፣ እሱም ለምዶታል።

መጀመሪያ ከድር ተነሳ። አቤት ሲናገር! ስለ ክልሉ ተናገረ፣ ስለ አባቶች መሬት፣ ስለ ልጆቹ ደም። «ክልል የምንሆነው በመካከላችን ያለውን እሾህ ስንነቅል ነው!» አለ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። «ይህ ልጅ በጉርዳ ላይ ተነስቶ ወጥቷል። ሚስቴ ምጥ ላይ ነች አለን። እኛ ታስረን ስንገረፍ እሱ ልጁን ሲስም ነበር!» ከኋላ የቆሙት ልጆች አጉረመረሙ። አንዱ ወደ ሕዝቅኤል ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ዳኛ ሣህሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል፤ ጆሯቸው ግን አይስትም።

«የጠሀ እህት፣ አንቺ ነሽ ባለጉዳዩዋ። ምን ትያለሽ?»

ኩልሱም ሳፋውን ይዛ ተነሳች።

«አባቴ፣ እኔ ንግግር አላውቅም። ቆጮ ነው የማውቀው። ካራ ላይ ልጆቹ የማሉበትን ቆጮ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ይሄኛውም ከዚያው ጉድጓድ የወጣ፣ የአንድ እንሰት ነው። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ካራ የነበረ ሁሉ ዛሬም በእናንተ ፊት ይጉረስ። የማጎርሰው እኔ። ደም የፈሰሰብኝ እኔ ነኝና ይህን መጠየቅ አይገባኝም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይገባታል» አለ አንዱ። «ይገባታል» አሉ ሌሎቹም። ዳኛ ሣህሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከልጆቹ ጀመረች። አንድ በአንድ እየቆረሰች አጎረሰች፤ እነሱም ቃሉን ደግመው ዋጡ። ሕዝቅኤል ጋ ደረሰች። ሰፋ አድርጋ ቆረሰችለት። ዓይን ዓይኗን እያየ አፉን ከፈተ። «የዚያን ቤት ምስጢር ያወጣሁ እንደሆነ፣ ይህ ቆጮ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም» አለ፤ አላመጠ፣ ዋጠ። እንደ ዋጠ እንባው ወረደ።

ከዚያ ወደ ከድር ዞረች።

ከድር ቀድሞ ሆዱን በመዳፉ ይዟል። ፊቱ ተጨማዷል፤ ልክ እንደ ካራው። «ልጄ፣ ታውቂ የለ፣ ጨጓራዬ…»

«ሐጂ ሕመምተኛ ናቸው፣ ተያቸው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እሺ» አለች ኩልሱም። ሳፋውን አስቀመጠች፣ ምሳ ዕቃውን አምጥታ ከፈተችና ለሽማግሌው አቀረበች። ግማሹ ጎድሏል፤ ጠርዙ በሚጥሚጣ ቀልቷል። «አባቴ፣ ከሽሮ ሜዳ ወዲህ ይህን የበላው ጨጓራ የማን ነው? ሸሚዛቸው ላይ ያለው ቅቤስ የማን ነው? ጠጠር ብውጥ ይፈጫል ብለውኛል፤ በዕድሜዬ ጨጓራ አላውቅም ብለውኛል። ታዲያ ካራ ላይ ምን ነክቷቸው ነው ከሁሉ ተለይተው ሳይጎርሱ የቀሩት?»

ሁሉም አንገት ወደ ከድር ደረት ዞረ። እሱም አጎንብሶ አየ። ያቺ ቢጫ ቅቤ እዚያው ናት። ሊሸፍናት እጁን አነሳ፤ መሸፈኑ ከቅቤዋ ይበልጥ አጋለጠው።

«ጉረስ ከድር» አሉ ዳኛ ሣህሌ። ሐጂ አላሉትም።

ምን ምርጫ አለው? ኩልሱም ከቆጮው መሀል፣ ደረቁን፣ ወፍራሙን ቆረሰች። አፉ ውስጥ ስታስገባው ጣቶቿ ከንፈሩን ነኩት፤ ቀዝቅዟል። «ቃሉንም በል» አለችው።

«የዚያን… ቤት ምስጢር… ያወጣ…» እያላመጠ ጀመረ፣ እና ቆመ። አላመጠ። አላመጠ። ጠጠር የሚፈጨው ሰውዬ አንዲት ቁራሽ ቆጮ ወዲህና ወዲያ ያንከባልላል። ሊውጣት ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቀረች። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ላቡ በብርዱ መሀል ቸፈፈ፣ አንገቱን ይዞ ተንበረከከ። አልታነቀም፤ የታነቀ ሰው አይናገርም። እሱ ግን እያሳለ፣ እየቃተተ መናገር ጀመረ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«መጋዘኔን እናሽጋለን አሉኝ… የልጆቼን እንጀራ… ቤቱን ብቻ ነው ያሳየሁት፣ ወላሂ ቤቱን ብቻ! ይመቷቸዋል አላሉኝም። ተነጋግረን እንለቃቸዋለን ነው ያሉኝ… ክልሉንም እኮ እፈልጋለሁ! ከሁላችሁ በላይ እፈልጋለሁ…»

ከኋላ ከነበሩት ልጆች አንዱ ሊረግጠው ተወረወረ። ዳኛ ሣህሌ ከዘራቸውን ዘርግተው መለሱት። «እጅ አታንሱበት። የተመታ ሰው ጥፋቱን የከፈለ ይመስለዋል። ይህ ሰው በእኛ ዘንድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ እሳት አንጭርለትም፣ ውሃ አንቀዳለትም። አበቃ።» ፍርዱ ያ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጡት።

ከድር በጉልበቱ ዞረ። ቁራሿ ገና አልወረደችም። ዓይኑ ግቢውን ሲፈልግ ቆይቶ ፍርዱ ስላለቀ ኩልሱም ለማስታጠብ ከሳሩ ላይ ያነሳችውን ጆግ አገኘ።

«ኩልሱም… እህቴ… ውሃ። በአላህ፣ አንድ ጉንጭ። ወተት የሰጠሽኝ እጅሽ ይባረክ፣ ውሃ ብቻ።»

ኩልሱም አየችው። ይህን ፊት ስንት ጊዜ ስትመኘው ኖራለች! የጠሀ አፍ ትዝ አላት፤ ጥርስ የሌለው አፍ፣ «በዚህኛው በይኝ» ያላት። ደስታዋ ግን እንዳሰበችው አልሞላላትም። ይሄ ሁሉ ሆኖም ጠሀ እዚያው ነው። ከድር ቢታነቅም፣ ቢያለቅስም፣ ከዚያ በር ዛሬ ማታ የሚወጣላት ወንድም የለም። ጆጉን የያዘው ክንዷ ሲከብዳት ተሰማት፤ አንዲት ጉንጭ ውሃ ነች፣ ምን አለበት? ብላም አሰበች። ማሰቧንም ከራሷ አልደበቀችም። ከዚያ ግን አንገቷን ቀና ስታደርግ ሕዝቅኤልን አየችው። ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆሟል። ወደ ከድር አላየም፤ ከሳፋው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሳፋው ያያል።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እርቦኛል።»

ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

ኩልሱም የፍርድ ቃል አላወጣችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ይህ ልጅ ከእሷ የሚፈልገው ቃል እንዳልሆነ ገባት። ጎንበስ ብላ ማስታጠብ ጀመረች። መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ የእጁን ጀርባ፣ ከዚያ በጣቶቹ መሀል። ከነሐሴ ጀምሮ ደርቀው የኖሩ እጆች ናቸው፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ እጅ፣ ሳታቋርጥ አፈሰሰችባቸው። ከድር በጉልበቱ እንደ ቆመ ከጆጉ አፍ የሚወርደውን ያያል። ውሃው በሕዝቅኤል ክርን ወርዶ ሳሩ ላይ ጠብ ሲል አንገቱን እያስከተለ ያሰግጋል። እትዬ በለጡ ከበራቸው ላይ ሆነው ያችን የመጨረሻ ውሃቸውን እያዩ አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር፤ ተዉት።

ሕዝቅኤል እጆቹን አራገፈ፣ ሳፋው አጠገብ ተቀምጦ ጎመኑን ወደ ራሱ ሳበ። ካራ የነበሩት ልጆች መጥተው በዙሪያው ተቀመጡ። እጃቸውን የሚታጠቡበት የለም፤ ጣቶቻቸውን በሳሩ ጤዛ ጠርገው አብረውት ቆረሱ።

ኩልሱም ጆጉን በከድር ፊት ዘቀዘቀችው። አንዲትም ጠብታ አልወረደችም።

«አለቀ፣ ከድር» አለችው።